የማብራሪያ ግብር

ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ሳይሆን ማብራሪያ ነው። ለባለቤቱ ያብራራል፤ ለአማቱ ያብራራል፤ ለመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል ያብራራል፤ ለኮፒ ቤቷ ልጅ ያብራራል፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ለሚያነብበት መንገደኛ ሳይቀር ያብራራል። ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው «ለምን ዊንዶውስ?» ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። እኔ ግን ላፕቶፔን በከፈትኩበት ሁሉ ሃይማኖት ለውጦ የመጣ ሰው የሚጠየቀውን እጠየቃለሁ፦ ማን አሳመነህ? ቤተሰብ ያውቃል? መመለስ አይቻልም?

ሌላ አገር ይህን ግብር መክፈል ቀላል ነው። «ዊንዶውስ ይሸጣል፣ ሊኑክስ ግን በነጻ ይገኛል» ካሉ ጉዳዩ ያልቃል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ስብከት ገና ከመግቢያው ይወድቃል። እዚህ ማን ዊንዶውስ ገዝቶ ያውቃል? ጥገና ቤት ገብተህ «ፎርማት አድርግልኝ» ትላለህ፤ ልጁ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑንና አንቲቫይረሱን ይጭንልሃል፤ ሳትጠይቀው ደግሞ አንድ ፎልደር የሕንድ ፊልም፣ አንድ ፎልደር መዝሙር ይመርቅልሃል። የምትከፍለው የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሥራ ላይ ነው። ክራኩም በሥራ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ አላየሁም። እናም «የእኔኮ በነጻ የተገኘ ነው» ስል ሰው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ያየኛል፤ «የእኔስ መቼ ተገዛ?» ይለኛል።

የሰፈራችን ጠጋኝ ግን አንድ ቀን ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። ላፕቶፔን የወሰድኩለት ቻርጀሩ የሚሰካበት ስለላላ ነበር። ሲያስነሳው የማያውቀው ገጽ መጣበት።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሊኑክስ ነው።»

«ኦርጅናል ነው?»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ጫማ ስንገዛ፣ የመኪና ዕቃ ስንገዛ፣ የስልክ ባትሪ ስንገዛ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ይሄ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥርጣሬ መለስኩ፦ «ኦርጅናል ነው።» ልጁ እጁን በሱሪው ጠርጎ ላፕቶፑን እንደገና ያዘው። እዚያ ሱቅ ውስጥ ከነበረው ሶፍትዌር ሁሉ ኦርጅናሉ የእኔ ብቻ ነበር። ለሌላ ሰው ቢጭነው ይከለከል እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እንደማይከለከል፣ ፈቃዱ ማባዛትንም መሸጥንም እንደሚፈቅድ አስረዳሁት። «በነጻ የሚሰጥ ነገር መሸጥ ይቻላል?» አለና እንደ ቀልደኛ አየኝ። በኋላ እንደሰማሁት ሊኑክስ ለመጫን ከዊንዶውስ የበለጠ ያስከፍላል። ለምን ሲባል «ኦርጅናል ነዋ!» ይላል።

የነገሩ አመጣጥ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ አመጣጡ ደግሞ ከፕሪንተር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ኤምአይቲ ውስጥ ይሠራ ነበር። ላብራቶሪያቸው በስጦታ ያገኘው ሌዘር ፕሪንተር የተቀመጠው ሌላ ፎቅ ላይ ነው፤ ወረቀት እየጎረሰ ይቆማል፤ ሰዎቹ ሥራቸውን ልከው ቆይተው ሲወርዱ ምንም የታተመ ነገር የለም። ስቶልማን በቀድሞው ፕሪንተር ላይ ወረቀት ሲጣበቅ ለሰዎቹ መልእክት እንዲደርሳቸው ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። አዲሱንም እንዲሁ ላድርግ ቢል የፕሮግራሙን ሶርስ ኮድ የሚሰጠው አጣ። ኮዱን የያዘው ሰው ለሌላ ላለመስጠት ፈርሟል። ስቶልማን ተናደደ፤ ንዴቱም አልበርድ አለው። በ1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያባዛው የሚችል ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ አወጀ፤ ግኑ አለው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1991፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሥርዓቱን እምብርት፣ ከርነል የሚሉትን፣ ለራሱ መዝናኛ ብሎ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት በስቶልማን ፈቃድ ሥር አዋለው፦ የወሰደ ያሻሽል፣ ያሻሻለ ይስጥ፣ የሰጠ ተቀባዩን አይከልክል የሚል ፈቃድ ነው።

ይህን ታሪክ ለቢሯችን ጸሐፊ ስነግራት ከልቧ አዘነች። «ወረቀት ጎርሶ ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። የእኛ ፕሪንተር በቀን ስንቴ እንደሚጎርስ እሷ ታውቃለች። መሳቢያውን ትከፍታለች፣ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀድዳ ታወጣለች፣ ጎኑን በመዳፏ ትመታለች፣ በስመ አብ ትላለች፤ ይሠራል። ስቶልማን እሷን የመሰለ ጸሐፊ ቢኖረው ኖሮ ሊኑክስ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሊኑክስን ላገሬ ሰው የሚያስረዳ ሁሉ «እንደ ደቦ በለው» ይባላል። ሞከርኩት፤ የሞከርኩትም ደቦ ወጥተው ባደጉት በአባቴ ላይ ነበር። በጥሞና አዳመጡኝና መጠየቅ ጀመሩ።

«ጠላ አለው?»

«የለውም አባዬ።»

«አራሾቹ ይተዋወቃሉ?»

«አብዛኞቹ ተያይተው አያውቁም።»

«ምርቱን ማን ይወስዳል?»

«የፈለገ ሁሉ። ያላረሰም ይወስዳል።»

«ታዲያ ይሄ ደቦ አይደለም» አሉ። ምን እንደሆነ ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ልጃቸው ስለሆንኩ ተዉት።

እኔ የምጠቀምበት የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ይባላል። ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ባለሀብት ነው፤ ኩባንያውን ሸጦ ባገኘው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2002 በሩሲያ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ ተመለሰ፣ በ2004 ኡቡንቱን አወጣ። ከጠፈር የተመለሰ ሰው የሚያወጣው ስም ደግሞ የተለየ ነው። እያንዳንዱ እትም የአንድ አውሬ ስም ከነጠባዩ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው «ኪንታሮታም ከርከሮ» ነበር። በ2008 ጥቅምት አጋማሽ አልፎ የወጣው «ደፋር» የሚል ቅጽል የተሰጠው የዋልያ ዘመድ ነው፤ ብሔራዊ ቡድናችን ይህን ቅጽል ቢዋስ አይከፋም። እነዚያን ዓመታት የማይረሳ ሰው አለ፤ ኢንተርኔታችን በሚንጠባጠብበት ዘመን ኡቡንቱ ሲዲውን በፖስታ፣ ለጠየቀው ሁሉ፣ የትም አገር ቢሆን፣ የመላኪያ ሳይጠይቅ ይልክ ነበር። እስከ 2011 ድረስ እንዲህ ቀጠለ። ፖስታ ሳጥን ከፍቶ ከባንክ ደብዳቤና ከመብራት ቢል መካከል ከውጭ አገር የመጣ ሲዲ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የዛሬ ልጆች አይገባቸውም። ከቤተሰቤ አንዱ ፖስታውን አይቶ የዲቪ መልስ መስሎት እልል ሊል ምንም አልቀረውም ነበር።

ስለ ዋይፋይ ብዙ አልልም፤ ቁስል መነካካት ነው። አንዳንድ የዋይፋይ ቺፕ ሊኑክስ ላይ እንዲሠራ ድራይቨር ከኢንተርኔት መውረድ አለበት፤ ኢንተርኔት ለመግባት ደግሞ ዋይፋዩ መሥራት አለበት። መፍትሔው ስልክን በገመድ ሰክቶ የስልኩን ዳታ መጠቀም ነው። የጠዋቱ ፓኬጅ እዚያ ያልቃል።

ሰዓት ግን ሰፊ ጉዳይ ነው፤ እኛ ቤት ትዳር ነክቷል።

ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት። የሒሳብ ባለሙያ የሆነ ሰው እዚህ አገር ያለ ፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም አይኖርም፤ ፒችትሪ ደግሞ ያለ ዊንዶውስ አይኖርም። ስለዚህ የቤታችን ኮምፒውተር ለሁለት ተከፍሏል፦ ሲነሳ ይጠይቃል፣ እሷ ከሆነች ዊንዶውስ፣ እኔ ከሆንኩ ሊኑክስ። ሁለት መንግሥት አንድ ቤት ውስጥ በሰላም ይኖሩ ነበር፤ ያጣላቸው ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋም የማይቆም አንዲት ትንሽ ሰዓት ማዘርቦርዱ ላይ አለች። ሊኑክስ እዚያች ሰዓት ላይ የሚጽፈው የግሪኒችን ሰዓት ነው፤ ለእኛ ሲያሳየን ሦስት ሰዓት ይደምርበታል። ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ የተጻፈውን የአዲስ አበባ ሰዓት ነው ብሎ እንዳለ ያምናል። እኔ ሠርቼ ከዘጋሁ በኋላ እሷ ስትከፍት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄዷል።

«ሰዓቴን ምን አደረግኸው?»

«ምንም አላደረግሁም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለያዩት በአቆጣጠር ነው።»

«እኔ ቢሮ የምገባው በየትኛው ነው?»

በፈረንጅ አገር ይህ ችግር እዚህ ላይ ያበቃል። እኛ ግን ሌላ አንድ ሰዓት አለን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሊኑክስ ዘጠኝ ይላል፤ ዊንዶውሱ ተሳስቶ ስድስት ይላል። አማቴ ቤታችን ሰንብተው ነበር፤ እሳቸው ስክሪኑን ሲያዩ የሚያነቡት በሀበሻ ነው። ገና ቁርስ ሳይነሳ «ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ምሳ አታቀርቡም?» አሉ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ዊንዶውሱ አሥራ ሁለት ይላል፤ መስኮቱን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ እኔን አዩ። አማቴ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምንም አላሉም። ማታ ግን ከልጃቸው ጋር ረዘም ያለ ጊዜ ወጥ ቤት ቆዩ።

ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን ራሱ ያርማል፤ ያኔ ደግሞ እኔ ስከፍት ሦስት ሰዓት ወደ ፊት ሄዶ ይጠብቀኛል። በየተራ ይጎትቱታል። መፍትሔው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፦ ሊኑክስን «አንተም እንደ ዊንዶውስ ቁጠር» ማለት። ትእዛዙን ሰጠሁ። ሊኑክስ ተቀበለ፤ ነገር ግን ይህ አሠራር የማይመከር መሆኑን፣ ወደፊት ችግር ሊያመጣ እንደሚችል ረዘም ባለ ማስጠንቀቂያ ነገረኝ። አነበብኩት። ማሽኑ ልክ ነው፤ አማቴ ግን በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ይመጣሉ።

የሊኑክስ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ያዘዝከውን ያደርጋል፣ ሐሳቡንም ይነግርሃል። ከባድ ነገር ስታዝዘው ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ ስትጽፍ ግን ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ፣ ምንም አይታይም። የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥመው ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎት እየደጋገመ፣ እያጠበቀ ይመታው ጀመር። ልጁ የራሱ መግቢያ አለው፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ግን አልሰጠሁትም። ጌም ሊጭን ሲሞክር ስሙ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለና ድርጊቱ ሪፖርት እንደሚደረግ የሚገልጽ ጽሑፍ መጣበት። እዚህ አገር ያደገ ሰው «ሪፖርት ይደረጋል» የሚለውን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች አላሰቡበትም። ልጁ ላፕቶፑን ዘግቶ ወጣ፤ ራት ላይም ዝም አለ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ለማን ነው የሚነግረው?» አለኝ። የሚነግረው ለኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ነው፤ አስተዳዳሪው ደግሞ እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ክስ አንድ ፋይል ውስጥ ተከማችቶ ተቀምጧል፤ ከፍቼው አላውቅም። ለልጁ ግን ይህን አልነገርኩትም፤ ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ሪፖርቱ እየታየ ነው አልኩት።

ትእዛዝ የምጽፍበት ጥቁር መስኮት ካፌ ውስጥ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ቦሌ አንድ ካፌ ተቀምጬ አፕዴት አደርጋለሁ፤ የወረዱት ፕሮግራሞች ስም በነጭ ፊደል እየተጠቀለለ ይወርዳል። ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፤ እኔም ማኪያቶዬን ነው የምጠጣው። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ወጣቶች ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ አንዱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበኝና የሴት ጓደኛውን ፌስቡክ መክፈት እችል እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። የምሠራው የፊደል ማረሚያ ማደስ መሆኑን ነገርኩት። «ገብቶኛል» አለኝ በዓይኑ እየጠቀሰ። ሒሳቤን ከፍሎልኝ ሄደ። በማብራሪያ ያተረፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቢሮ ውስጥ ግን ስሜን ያስጠራው ፍላሽ ነው። ፍላሽ እዚህ አገር ከእጅ ወደ እጅ የማይሄድበት ቦታ የለም፤ ከኮፒ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ስቱዲዮ፣ ከስቱዲዮ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ሁሉም የሚያውቀው ያ ቫይረስ አለ፦ ፍላሹን ስትከፍት ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፤ ስትነካቸው አይከፍቱም፤ ከፈቱም ኮምፒውተርህ ይያዛል። ፋይሎቹ አልጠፉም። ቫይረሱ ደብቋቸው በምትካቸው ሐሰተኛ ሾርትከት አስቀምጧል። ሊኑክስ ዊንዶውስ «ደብቅ» የሚልበትን ያን ምልክት አይሰማም፤ ፎልደሩም ሾርትከቱም አጠገብ ለአጠገብ ቁጭ ብለው ይታያሉ። ቫይረሱ ራሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እኔ ጋ ሲመጣ የማይሠራ ፋይል ነው። መርጦ መደምሰስ ነው። ሥራው ከሻይ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

አንዷን የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ፍላሽ አዳንኩ፤ የልጇ የልደት ፎቶ ነበረበት፤ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ በሬ ላይ ሰልፍ አልጠፋም። የንብረት ክፍሉ ሰው መጣ፤ የጥበቃው ሽማግሌ መዝሙራቸውን ይዘው መጡ፤ ሰላምታ እንኳ የማይሰጠኝ የግዢ ኃላፊ «ወንድሜ» እያለ መጣ። አንዳንዱ ፍላሹን ሲያቀብለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው ይነግረኛል። «አንተን አይነካህም?» ይሉኛል። ለምን እንደማይነካኝ ላስረዳ እጀምራለሁ፦ ሊኑክስ ቫይረስ ፈጽሞ የማይደፍረው ሆኖ ሳይሆን ይህኛው የተጻፈው ለሌላ ሥርዓት ነው፤ በዚያ ላይ ሊኑክስ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ እንዳሻው እንዲያዝ አይተውም… እስከዚህ ድረስ የሰማኝ የለም። ሰው የሚፈልገው ፍላሹን ነው። ከቢሮው ሰው መካከል «እኔም ሊኑክስ ልጫን» ያለ አንድም የለም። ለምን ይጫኑ? እኔ አለሁላቸው።

ጨርሶ የማያዋጣኝ ቦታ ኮፒ ቤት ነው። ሊብሬኦፊስ ላይ የጻፍኩትን ሰነድ ይዤ እገባለሁ። የኮፒ ቤቷ ልጅ ፍላሹን ትሰካለች፣ ትፈልጋለች፣ ታጣለች።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው።»

«አይደለም፤ ያቺ ነጭ ምልክት ያላት ናት።»

«ይሄማ አይከፍትም። በወርድ ያምጡት።»

አሁን በፒዲኤፍ ነው የምወስድላት፤ ስለ ክፍት የፋይል ዓይነት ንግግር ላድርግ ብል ከኋላዬ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

ሌላው ጣጣ ፊደል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት ሠሪ ፊደላቱን በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ እንደመሰለው ይደረድር ነበር፤ ልማዱም ወዲያው አልቀረም። አጎቴ የእድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ፤ የተጻፈው በእንዲህ ያለው አሮጌ ፎንት ነው። እኔ ጋ ሲከፈት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ ቃለ አጋኖ። አጎቴ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ኮምፒውተርህ አማርኛ አይችልም?»

«ይችላል። እንዲያውም ከላይ የሚያዩት ሁሉ በአማርኛ ነው።»

እውነት ነው፤ በአማርኛ ነው፤ ቢያንስ ግማሹ። የሊኑክስን ምናሌ የተረጎሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የተረጎሙት ጊዜ ባገኙ ቁጥር ስለሆነ «ፋይል ክፈት» ካለህ በኋላ ቀጥሎ ያለው መስኮት ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። አጎቴ ግን ዓይናቸው ያረፈው ከላይ ካለው ቀን ላይ ነው። «ማክሰኞ፣ ሜይ» ይላል፣ በንጹሕ የአማርኛ ፊደል። «ሜይ የሚባል ወር ከየት መጣ?» አሉ። ዕለቱን ከእኛ ወስዶ ወሩን ከፈረንጅ የተዋሰ ኮምፒውተር ነው። ግንቦት ማለት የነበረበት መሆኑን አመንኩላቸው፤ ይህ ስህተት ግን ማንም ሊያርመው የሚችል መሆኑን፣ የሥርዓቱ ኮድ ክፍት እንደሆነ፣ ራሴም አንዳንድ ቃላት ልኬ ከወራት በኋላ በአፕዴት ተመልሰው ስክሪኔ ላይ ሲመጡ እንዳየኋቸው ነገርኳቸው። ይሄ እንኳ ደስ ይላል፤ ለብቻዬ ስሆን ያንን ምናሌ ያለ ጉዳይ ከፍቼ የማየው ጊዜ አለ። አጎቴ ግን «አንተ ካረምከው ለምን ሜይ ይላል?» አሉኝ። ወራቱን የሚነካው ሌላ ክፍል መሆኑን ላስረዳ ስል እጃቸውን አነሱ።

ስልካቸውን እንዲያወጡ ጠየቅኋቸው። አንድሮይድ ነው። «እሱም ውስጡ ሊኑክስ ነው» አልኩ፤ ከርነሉን ማለቴ ነው። እዚያው ሳለሁ አልቆምኩም፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ በፍጥነት የመጀመሪያዎቹ 500 ተብለው የሚመዘገቡት ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ መሆኑን ነገርኳቸው። ድፍን አገር ሳያውቀው በኪሱ ይዞት የሚዞረውን ነገር እኔ አውቄ ስለያዝኩት ብቻ እንደምጠየቅ ገለጽኩ። አጎቴ ስልካቸውን አገላብጠው አዩት፤ ላፕቶፔንም አዩት።

«ስለዚህ» አሉ በመጨረሻ፣ «የአንተ ኮምፒውተር ስልክ ነው ማለት ነዋ።»

ደንቡን ወደ ዩኒኮድ መልሼ አስተካክዬ፣ አሳትሜ ሰጠኋቸው። አጎቴ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። በተከታዩ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንድገኝ ጠሩኝ፤ ምስጋና መስሎኝ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ሰው ሞልቷል። አጀንዳ አንድ የድንኳኑ ማፍሰስ ነበር፤ ብዙ ተወያየንበት፣ ወደ ኮሚቴ ተመራ። አጀንዳ ሁለት የጸሐፊ ምርጫ። እዚህ አገር የእድር ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አጎቴ ተነሥተው ቫይረስ የማይነካው ኮምፒውተር ያለው፣ ደንባችንን በነጻ ያስተካከለ ወጣት በመካከላችን አለ አሉ። እኔ ወጣት አይደለሁም፤ እጅ ግን በአንድ ጊዜ ወጣ። ጭብጨባው ሳያባራ አንድ ጡረተኛ ከኋላ ተነሡ።

«ጥያቄ አለኝ። የእድሩ ምሥጢር የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ዊንዶው ነው ወይስ ምንድን ነው?»

ተነሣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «አመሰግናለሁ። እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው አንድ ፕሪንተር ወረቀት ከመጉረሱ ነው…»

«ይሄ በልዩ ልዩ ይታይ» አሉ ሰብሳቢው።

ልዩ ልዩ ላይ ልንደርስ ስንል ዝናቡ መጣ፤ ድንኳኑ ማፍሰስ ጀመረና ስብሰባው ተበተነ።